ቀትር ላይ የሚያብጥ ጣሪያ

ድራይ ዌልስ በሚባለው የተጎታች ቤቶች መንደር ለሥራ የሚከፈል ነገር የለም። የውሃ ፓምፕ የተበላሸበት ሰው ከኋላ መስመር አንድ ጡረተኛ መፍቻውን ይዞ ይመጣለታል። መጋረጃ የተቀደደበት ሰው ለኦፓል ይሰጣታል፤ እሷ ትሰፋለታለች። እሱም በተራው የሚችለውን ይሠራል። ከሰሜን ብርድ ሸሽተው አሪዞና በረሃ ላይ የሚከርሙ ሽማግሌዎች ሌላ መተዳደሪያ አላወጡም፤ አንድ ደንብ ግን አላቸው። በነጻ የተሠራልህን ሥራ አትነቅፍም። በሩ ባይገጥምም "እጅህ ይባረክ" ትላለህ፤ ማክሰኞ ማታ ሁሉም ከየቤቱ ምግብ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰብ ከትሪህ ላይ ትልቁን ቁራሽ ለሠራልህ ሰው ታነሳለታለህ። በቃ፣ አለቀ።

አንድ የአዮዋ ሰው የተሠራለት ደረጃ ተንጋደደ ብሎ ሰው ፊት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ምሽት ላይ ወንበሩን ተሸክሞ ሁሉም ከብቦ ወደሚቀመጥበት እሳት ሲመጣ ለወንበሩ የሚሆን ቦታ ይጠፋ ጀመር። ማንም ሂድ አላለውም። ፋሲካ ሳይደርስ ቤቱን ከመኪናው ጋር አስሮ ሄደ።

ማርሊስ ሃውገን ይህን ታሪክ የሰማችው በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስለሰማችም ቨርሊን ክራብትሪ ባልዲውን ይዞ ጣሪያዋ ላይ ሲወጣ፣ ከባልዲው የሚመጣው የቤንዚን ሽታ አፍንጫዋን እየሰነፈጣት ዝም አለች። ሙሉ በሙሉ ዝም አላለችም፤ አንድ ጊዜ ጠይቃለች።

"ቨርሊን፣ ይሄ ጣሪያ እኮ ጎማ ነው። ይሆነዋል?"

"ጣሪያ ጣሪያ ነው፣ እህቴ። ዝናቡ ከምን ተሠራህ ብሎ አይጠይቀውም። ይልቅ ሩሎውን አቀብይኝ።"

አቀበለችው። ቨርሊን ዕድሜውን በሙሉ ኦክላሆማ ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ሰባ ከሞላው ቆይቷል፤ መሰላል ሲወጣ ግን ሃምሳ የሞላው አይመስልም። የፊተኛውን ግማሽ ቀባው፤ ቀለሙ እዚያ ላይ አለቀበት። ከታች ሆና ስታየው ብር የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥሩ ሥራ ነበር። ማክሰኞ ከጋገረችው ፓስታ ጥግ ጥጉን፣ ቺዙ የተጠበሰበትን፣ አነሳችለት።

ማርሊስ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ስትወጣ ቤቷን ሸጣ ይህንን ተጎታች ገዛች። ከዚህ ሣጥን ሌላ ቤት የላትም። ልጇ ፋርጎ ውስጥ ምድር ቤቱን አጽድቶ ይጠብቃታል። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ነው። ልጇ በደወለ ቁጥር "ምድር ቤቱ አለልሽ" ይላል፤ እሷም በደወለ ቁጥር እዚህ ምንም ነገር አለመበላሸቱን ትነግረዋለች።

በየካቲት አጋማሽ ሙቀቱ ሲበረታ የአየር መውጫውን ክዳን ልትጠርግ ቀትር ላይ ወጣች። ጣሪያዋ አብጧል። ቨርሊን በቀባው በኩል እዚህም እዚያም፣ አንዳንዱ እንደ እንቁላል፣ አንዳንዱ የሾርባ ሳህን ገልብጠው እንዳስቀመጡት፣ ጎማው ተነስቷል። አንዱን በመዳፏ ብትጫነው ወደ ጎን ሸሽቶ ተነሳ። ወርዳ ቨርሊንን ጠራችው። አገጩን እያከከ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ተመለከተ።

"እየተነፈሰ ነው" አላት።

"ጣሪያ ይተነፍሳል?"

"አየር ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ይነሳል፣ ስትገባ ይተኛል። ምሽት ላይ ወጥተሽ እዪው፤ ምንም አታገኚም። አትነካኪው ብቻ።"

ምሽት ላይ ወጥታ አየች። ዕውነቱን ነው፤ ጣሪያው ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። ማርሊስ እፎይ አለች። እፎይ ያለችው ስላመነችው አልነበረም፤ ልታምነው ስለፈለገች ነው። ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ታውቃለች። በሳምንቱ ነፋስ ሲነሳ ከአልጋዋ በላይ ጎማው ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ ሲራገብ ሰማች። ሬዲዮው ሐሙስ ማታ ከባድ ዝናብ ይመጣል አለ። ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አስነስታ ከተማ ወደሚገኘው የተጎታች ዕቃ መደብር ሄደች።

ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ የሴኒያ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተሰፍቷል። ስልኳን አስቀምጣ አዳመጠቻት።

"ቀትር ላይ ይነሳል፣ ማታ ይተኛል፤ አይደል?"

"አዎ።"

"ያ ብቻ ከሆነ ይተዉት። ፋብሪካው ማስቲሹ ሳይደርቅ ጎማውን ካለበሰው ትንሽ አየር ይቀራል። ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲበርድ ይሟሽሻል፤ እንደዚሁ ዓመታት ይኖራል። እያደገ ነው ወይስ እንዳለ ነው?"

"እያደገ ነው። ሁለቱ ተጋጥመዋል።"

"ምን ቀብተውበታል?"

"ጎረቤቴ ነው የቀባልኝ።"

"ማን ቀባ አላልኩም፣ የኔ እናት። ምን?"

"ብርማ ነገር። እንደ ሬንጅ ወፈር ያለ።"

"ቤንዚን ቤንዚን ይላል?"

"ይላል።"

ልጅቷ ዓይኖቿን ጨፍና ገለጠች። "እሱ የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ አይጠጣም፤ ጎማ ይጠጣል። ከነዳጅ የተሠራ ነገር ሲያርፍበት ይጠጣና ይለሰልሳል፣ ይሰፋል፣ ማስቲሹን ይለቃል። በተላቀቀው ዳር ውሃ ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ ይርሳል። ከዚያ ፀሐይ ስትመታው እርጥበቱ ይተናል፤ መውጫ የለውም፤ ጎማውን ይነፋዋል። በየዓመቱ ስንቱ ይመጣል መሰለዎት? የሁሉም ቀቢ ጎረቤት ነው።"

"በመርፌ ወግቼ ባስተነፍሰውስ?"

"ከዚያማ እብጠት ብቻ ሳይሆን ቀዳዳም ይኖርዎታል።"

ማርሊስ ሳትፈልግ ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ዕቃውን እያወጣች ባንኮኒው ላይ ደረደረችላት። በውሃ የሚቀጥን ማስቲሽ፣ በራሱ የሚጣበቅ ሰፊ የጎማ ጥቅልል፣ ተጭኖ የሚያስተኛ ትንሽ ሩሎ፣ ዳር ዳሩን የሚዘጋ ለስላሳ ማሸጊያ። "የለሰለሰው አይድንም፤ ቆርጠው ይጥሉታል። ያልለሰለሰውን መስቀለኛ ቀደው አራቱን ጆሮ ይገልጡታል። እንጨቱን ያደርቁታል፤ በደንብ፣ ቢያንስ አንድ ቀን። እርጥብ ላይ ቢለጥፉ የደከሙት በከንቱ ነው። የበሰበሰ ካለ ያወጡና ሌላ ይተካሉ። ከዚያ ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ይቀቡታል፤ በጣት ሲነካ መያዝ ሲጀምር ያስተኙታል፤ በሩሎ ከመሃል ወደ ዳር። በላዩ ጥቅልሉ። ዳሩን ማሸጊያ። ጣሪያውን በሌላ በምንም ነገር እንዳያጥቡ፤ በውሃና በሳሙና ብቻ።"

"ብቻዬን እችለዋለሁ?"

"ጎረቤትዎ ካልረዳዎት ይችሉታል።"

መጀመሪያ ያሰበችው ማንም ሳያይ ልትጨርሰው ነበር። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ መንደሩ ገና ሳይነሳ፣ ምላጯን ይዛ ወጣች። የምትቆርጠው ነገር አጣች። በጠዋቱ ብርድ ጎማው እንጨቱ ላይ ተለጥፎ፣ የትኛው የታመመ የትኛው ጤነኛ እንደሆነ አይለይም። በመዳፏ ብትዳብሰው፣ በጉልበቷ ብትሄድበት ምንም የለም። አርባ ደቂቃ ያህል ጣሪያ ላይ ስትንፏቀቅ ቆይታ ባዶ እጇን ወረደች።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ጣሪያው ሕመሙን የሚያሳየው ቀትር ላይ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ከየመጠለያው ሥር ወንበር ዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ፣ የሚያየው ነገር እየፈለገ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ከጣሪያ የበለጠ መድረክ የለም። የቨርሊንን ሥራ በምላጭ የምትቀደው ሁሉ እያየ ነው።

በዚያ ማክሰኞ እራት ላይ ቨርሊን ጎን ተቀመጠች። ትልቁን ቁራሽ አነሳችለት። ልትነግረው አፏን ከፍታ "ጨው ይጨመርልህ?" ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ወጣች።

የመጀመሪያዋ ኦፓል ነበረች፤ ጎረቤቷ ናት፤ ከአንዷ ቤት እስከ ሌላዋ ቤት ልብስ ማስጫ ገመድ ይደርሳል። "ማርሊስ! እዚያ ላይ ምን ልትሆኚ ነው? ፀሐይ ልትሞቂ?"

"ጣሪያዬን ልጠግን ነው።"

"ቨርሊን ጠግኖልሽ የለም እንዴ!"

ማርሊስ ምላጯን አወጣች። የሾርባ ሳህን የሚያህለውን እብጠት መሃሉን ቀደደችው። አየር ፉስ ብሎ ወጣ፤ ከአየሩ ጋር እንደ ረጠበ ጆንያ ያለ ሽታ፤ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ትንሽ፣ ሁለት ማንኪያ ያህል። ጆሮዎቹን ገለጠች። እንጨቱ ጠቁሯል። በጠፍጣፋ መፍቻ ብትወጋው አንዱ ቦታ ላይ ኬክ የወጋች ያህል ሰመጠላት። የለሰለሰውን ጎማ ቆርጣ ወደ ታች ወረወረች። ቀጥላ ሌላውን። ከታች ሳቅና ጨዋታው እየቀነሰ መጣ። የጎልፍ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ቆሞ አይቷት ሄደ።

ወገቧን ልታቃና ቀና ስትል አካባቢውን አየች። ቤቷን እዚህ ካቆመችበት ቀን ጀምሮ እዚህ ላይ የወጣችው በጠዋት ወይም በምሽት ነበር፤ ያን ቀን ቀትር ላይ ስትወጣም ከራሷ ጣሪያ በቀር ያየችው አልነበረም። አሁን መንደሩ በሙሉ ከፊቷ ተዘርግቷል። ቨርሊን የቀባቸው ብርማ ጣሪያዎች። የኦፓል፣ ከኦፓል ቀጥሎ ያለው፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት። በእያንዳንዱ ላይ ፀሐይዋ ጉብ ጉብ ያለውን ነገር እየለየች ታሳያለች። ከመሬት አይታይም። ባለቤቶቹ ከሥሩ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

"ውረጂ፣ አንቺ ሴትዮ! ራስሽን ትሰብሪያለሽ!"

ቨርሊን ነው። ከመሰላሉ ሥር ቆሟል፤ እጁ ውስጥ ወርውራ የጣለችው ቁራጭ ጎማ አለ።

"ውጣ፣ ቨርሊን።"

"ሥራዬን እየገፈፍሽ ልታሳዪኝ ነው የምትጠሪኝ?"

"ውጣና ንካው።"

ወጣ። ቀዳዳዎቹን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። ማርሊስ ቀለሙ ካልደረሰበት ከኋለኛው ግማሽ ላይ እጁን አስቀመጠችው፤ ጎማው ጠንካራ ነው፣ ልጥፍ ያለ ነው። ከዚያ ብርማው ላይ አስቀመጠችው። ሲጫነው ጣቱ ፀሐይ የመታው ማስቲካ ውስጥ እንደሚገባ ሰመጠ።

"የአንቺ ጣሪያ ድሮም ያረጀ ነው" አለ።

"የኦፓልስ? ባለፈው ዓመት ነው የገዛችው።" በምላጩ እጀታ አመለከተችው።

ቨርሊን ዞረ። ዓይኑ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ሄደ፤ ማዶ ደረሰና ተመለሰ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"ቆርቆሮ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም" አለ።

"ይሄ ቆርቆሮ አይደለም።"

"ለሰው ታወሪያለሽ?"

"እኔ አይደለሁም የማወራው፤ አንተ ነህ። ዛሬ። ነገ ማታ ዝናብ ነው።"

"ማክሰኞ እራት ላይ፣ ሁሉም ባሉበት..."

"እስከ ማክሰኞ ሳሎናቸው ውስጥ ዓሣ ያረባሉ፣ ቨርሊን።"

"ማርሊስ። የመጣሽ ቀን ቤትሽን ወደ ኋላ ስታስገቢ ከኋላ ቆሞ ያመላከተሽ ማነው? ማነው ቧንቧሽን የቀጠለው?"

"አንተ ነህ። አመሰግናለሁ። ጣሪያዬ ግን በስብሷል።"

ተባለ እንግዲህ። ከታች የሰማ ሰው ካለ ሰምቷል። ቨርሊን ተነስቶ ወረደ። ማርሊስ ከላይ ሆና ተከተለችው በዓይኗ። ወደ ኦፓል በር ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የኦፓልን ውሻ ደባበሰ፣ ቆይቶ ደባበሰ፣ ቀና ብሎ ወደ ራሱ ቤት ሄደ። በሩን ዘጋ። እሷም ወደ መቁረጧ ተመለሰች። እንጨቱን በረሃው እንዲያደርቀው ጆሮዎቹን እንደተገለጡ ተወቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት የቨርሊን ቦታ ባዶ ነበር። የጎማዎቹ አሻራ ጠጠሩ ላይ አለ፤ ቤቱን የደገፈባቸው ጣውላዎች አንድ ላይ ተደርድረው ቀርተዋል። በጎማ ላይ የሚኖር ሰው ማፈርን ከሌላው ሰው ባነሰ ጊዜ ይገላገለዋል። ማርሊስ ይህን አስባ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን ቡናዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ብቻ ቆየ። ሥራ አለባት።

የበሰበሰውን እንጨት በመጋዝ ቆርጣ በልኩ አዲስ ኮምፔንሳቶ ገጠመች። ማስቲሹን እየቀባች ሳለ ኦፓል መጣች። ብቻዋን አይደለችም፤ ከኋላዋ እጃቸውን ያጣመሩ አራት አምስት ሰዎች አሉ።

"ምን ብለሽው ነው?" አለች ኦፓል።

"ጣሪያዬ በስብሷል አልኩት።"

"በነጻ የቀባልሽን ሰው?"

"በነጻ ነው የበሰበሰው።"

"አንቺ! ሃፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም? ሰውዬው ያልረዳው ሰው አለ እዚህ?"

"የለም። ሁላችሁንም ረድቷል። ያንቺም አብጧል፣ ኦፓል።"

"የኔ አላበጠም!"

"ከየት ሆነሽ አየሽው?"

 ኦፓል ጣሪያዋ ላይ ወጥታ እንደማታውቅ ሁሉም ያውቃል፤ ጉልበቷ አይታጠፍም።

"ውጪና እዪ" አለች ማርሊስ። "ካላበጠ እኔም ቤቴን አስሬ እሄዳለሁ። አሁኑኑ።"

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ መሰላሉን ሦስት ሆነው ያዙት፤ ኦፓል እየተሳደበች፣ በየደረጃው "ወይኔ ጉልበቴ!" እያለች፣ ባሏ ከኋላ እየገፋት ወጣች። ቀትር ቀርቧል፤ ፀሐይዋ ሥራዋን ጀምራለች። ኦፓል የማርሊስ ጣሪያ ጫፍ ላይ በእንብርክኳ ሆና የራሷን ተመለከተች። 

"ምን ይታይሻል?" አለ ባሏ ከታች።

"ፓንኬክ" አለች ኦፓል። "ሊገለበጥ የደረሰ ፓንኬክ ይመስላል። የእናንተም፣ ሄሌን። የእናንተም!"

ከዚያ በኋላ ወሬ አልነበረም። ሰዎቹ ሸራና ገመድ ፍለጋ ሮጡ። ማርሊስ ግን አልሮጠችም። የራሷን አስተኝታ፣ በሩሎ ከመሃል ወደ ዳር ተጭና፣ ጥቅልሉን ለጥፋ፣ ዳሩን አሽጋ ጨረሰች። ለሰው ብሎ የራሱን ክፍት ትቶ መሄድ ደግነት አይደለም፤ መጨረሻው ፋርጎ ያለው ምድር ቤት ነው። ስትጨርስ የተረፈውን ጥቅልል ይዛ ኦፓል ጣሪያ ላይ ወጣች። ለአየር መውጫው ዙሪያ ብቻ በቃ። እንጨቱ የሚደርቅበት ጊዜ እንደሌለ ተናገረች፤ ይህ የዛሬ ሌሊት ማሳለፊያ እንጂ ጥገና እንዳልሆነም ተናገረች። የቀረው ሸራ ለበሰ። መሰላሉን የያዘላት የኦፓል ባል ነበር። ማንም እጅሽ ይባረክ አላለም።

ዝናቡ በሬዲዮው ሰዓት መጣ። ማርሊስ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጣሪያዋን አዳመጠች። ይመታል፤ አይራገብም። ከኮርኒሱ ላይ እጇን አሳረፈች፣ ጥጉንም ነካካች፤ ደረቅ ነው። ልጇ ደወለ። እዚህ ምንም የተበላሸ ነገር አለመኖሩን ነገረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመናገር አልተቸገረችም።

ዓርብ ማንም አላናገራትም። ምሽት ላይ ወንበሯን ይዛ ወደ እሳቱ መሄድ አለመሄዷን ስታስብ ቆይታ ቀረች። ሌሊት ዝናቡ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ተደበደበ። ተንኳኳ ሊባል አይችልም። ኦፓል ናት፤ ፒጃማዋ ላይ የባሏን ጃኬት ደርባለች፤ እጇ ውስጥ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ የኬክ መጋገሪያ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"ውሃ ነው።"

"ውሃ ነው ትለኛለች! የለጠፍሽው ነገር በግራ በኩል ጥጉ ተነስቷል። ሌሊቱን ሙሉ ሶፋዬ ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። እንዲህ ነው የሚለጠፈው? ሰው ሥራ ሲሠራ አይጨርስም?"

ሁለት በር አልፎ ያለ ሰው ጥርሱን እየቦረሸ ወጥቶ አያቸው። ኦፓል አየችውና ድምጿን አልቀነሰችም።

"አንተም እንዳትስቅ! ያንተም ያንጠባጥባል!"

ማርሊስ መጋገሪያውን ተቀብላ ውሃውን ጠጠሩ ላይ ደፋች። ጥጉ ከእርጥብ እንጨት ላይ ነው የተለጠፈው፤ እንደማይዝ ያን ጊዜም ታውቅ ነበር።

"በግራ በኩል አልሽ?"

"በግራ። ከሶፋው በላይ።"

"እንግዲህ ቀትር ይድረስ" አለች ማርሊስ። "የት የት እንዳበጠ ያን ጊዜ ይታያል። ባልሽ ይውጣና አብሮኝ ይይ፤ ዕቃ መደብሩ ቅዳሜ ክፍት የሚሆነው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው አሁኑኑ ይሂድ።"

ኦፓል መጋገሪያዋን ነጥቃ ወሰደች። "ባሌን እልክልሻለሁ። የዛሬውን ግን በደንብ ለጥፊው።"